የሽልማቱ ምንጭ፦ ከበይቱል ማል ለሠራተኛ የሚሰጥ ስጦታ በታሪክና በፊቅህ

በ17 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 638) አል-አሽዐስ ኢብኑ ቀይስ በሰሜን ሻም ወደነበሩት ወደ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ.) ሄደው 10,000 ዲርሃም ስጦታ ተቀበሉ። ወሬው መዲና ሲደርስ ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) የሻም የበላይ አዛዥ ለነበሩት ለአቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ደብዳቤ ጻፉ። ኻሊድ በሰዎች ፊት እንዲቆሙ፣ ገንዘቡ ከየት እንደወጣ እስኪናገሩም ድረስ በጥምጣማቸው እንዲታሰሩ አዘዙ። ከምርኮው ሰጥተው ከሆነ አማናን አጉድለዋል፤ ከራሳቸው ሰጥተው ከሆነ አባክነዋል፤ በሁለቱም መንገድ ከሹመታቸው ይነሣሉ የሚል ነበር የትእዛዙ ይዘት። አጥ-ጦበሪ በታሪክ መጽሐፋቸው እንደዘገቡት ኻሊድ የሰጡት ከገዛ ገንዘባቸው መሆኑን ተናገሩ፤ ጥምጣማቸው ተመለሰላቸውና ከሹመታቸው ተነሥተው ወደ መዲና ሄዱ። በዚያም ንብረታቸው ተቆጥሮ 20,000 ዲርሃም ወደ በይቱል ማል ገባ። ዑመር ግን ወደ ልዩ ልዩ አገሮች በላኩት ደብዳቤ ኻሊድን ያነሡት በቁጣ ወይም በክህደት ምክንያት እንዳልሆነ አስታወቁ። ሕዝቡ በኻሊድ ከመማረኩ የተነሣ ድሉ ከአላህ መሆኑን እንዳይዘነጋ ሰግተው ነበር።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናነበው በሁለቱ ታላላቅ ሶሓቦች መካከል ስለነበረው ግንኙነት ለማወቅ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ግን ዋናው የምርመራው ቅደም ተከተል ነው። ስጦታው ለማን ተሰጠ፣ ተቀባዩስ ይገባቸዋል ወይ ከመባሉ በፊት ገንዘቡ ከየትኛው ኪስ ወጣ ተባለ። በጋራ ገንዘብ ላይ የተሾመ ሰው ሁሉ፣ የመንግሥት ኃላፊም ሆነ የመድረሳ አስተዳዳሪ ወይም የመስጊድ ኮሚቴ አባል፣ ለሠራተኛ ሽልማት ሲያስብ ይህ ጥያቄ ይቀድመዋል። ቀደምት ዑለማእ የሰጡት መልስ ግልጽ ነው። ሠራተኛን ማበረታታት የተፈቀደ ነው፤ ሆኖም ጥቅሙ ለሕዝብ የሚመለሰው ስጦታ ከሕዝብ ገንዘብ፣ ክብሩ ለሰጪው የሚመለሰው ደግሞ ከሰጪው ኪስ ይወጣል። ይህ ድንበር እንዴት እንደተሠመረና ሲፈርስ ምን እንደተከተለ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ደመወዝ ይቀድማል

ስለ ሠራተኛ ጥቅም የሚነገሩ ሦስት ሐዲሶች ተያይተው ሲነበቡ ሙሉ ሥርዓትን ያሳያሉ። የመጀመሪያው ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሑመይድ አስ-ሳዒዲ (ረ.ዐ.) የዘገቡት ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኢብኑል ሉትቢያ የተባለን ሰው የበኒ ሱለይምን ዘካ እንዲሰበስብ ላኩት። ሲመለስ ከፊሉን ለሙስሊሞች አስረክቦ ሌላውን ግን ለራሱ በስጦታ የተሰጠው እንደሆነ ተናገረ። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሚንበር ላይ ወጥተው፣ ሰውየው በአባቱና በእናቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደነበር ጠየቁ። በሹመት ምክንያት የመጣ ነገር የሹመቱ እንጂ የሰውየው አይደለም ማለት ነው።

ሁለተኛው አቡ ዳውድ ከአል-ሙስተውሪድ ኢብኑ ሸዳድ (ረ.ዐ.) የዘገቡት ነው። በሕዝብ ሥራ ላይ የተሾመ ሰው ሚስት ከሌለው እንዲያገባ፣ አገልጋይ ከሌለው አገልጋይ፣ መኖሪያ ከሌለው መኖሪያ እንዲይዝ ተፈቅዶለታል፤ ከዚህ አልፎ የሚወስድ ግን አጭበርባሪ ወይም ሌባ ተብሏል። ሦስተኛው በሁለቱ ሶሒሖች የሚገኘው የዑመርና የኢብኑ ሰዕዲ ታሪክ ነው። ኢብኑ ሰዕዲ የሠሩበትን ክፍያ አልቀበልም ባሉ ጊዜ፣ ዑመር እርሳቸውም በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን እንዲሁ አድርገው እንደነበረና ሳይለምኑና ሳይጓጉ የመጣላቸውን እንዲቀበሉ መታዘዛቸውን ነገሯቸው።

ሦስቱ ሐዲሶች ሲጣመሩ ሠራተኛው በሥልጣኑ ከውጭ አይቀበልም፤ የሚበቃው ከውስጥ ይሰጠዋል፤ በሥርዓት የተሰጠውን መቀበልም ነውር የለበትም። አቡ ዩሱፍ (ሞት 182 ዓ.ሂ./እ.ኤ.አ. 798) በ«ኪታቡል ኸራጅ» የዘገቡት የዑመርና የአቡ ዑበይዳ ንግግርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ዑመር ሶሓቦችን በግብር ሥራ ላይ በመሾማቸው አቡ ዑበይዳ ስጋታቸውን ገለጹ፤ ከተሾሙ ዘንድ ግን ክደት ውስጥ እንዳይገቡ ደመወዛቸው በቂ እንዲሆን መከሩ። ከ99 እስከ 101 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 717–720) ኸሊፋ የነበሩት ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝም ለሹማምንቶቻቸው በወር 100 እና 200 ዲናር ይከፍሉ እንደነበር ኢብኑ ከሲር ዘግበዋል። ምክንያታቸውም የሚበቃውን ያገኘ ሰው ልቡን ለሙስሊሞች ሥራ ነጻ ያደርጋል የሚል ነበር። ለራሳቸውና ለቤተሰባቸው ግን ከበይቱል ማል በጣም ይጠነቀቁ የነበሩት እኚሁ ሰው ናቸው። ስለዚህ ሽልማት የጎደለ ደመወዝ መሸፈኛ አይደለም። የወር ደሞዙ ለቤተሰቡ የማይበቃን መምህር በዓመት አንድ ቀን በስብሰባ ፊት ማመስገን ከዚህ ሥርዓት ጋር አይስማማም።

የነፈል ሕግ፦ ሽልማት ከየት፣ መቼ፣ ምን ያህል?

ከደመወዝ በላይ የሆነ ሽልማትን በተመለከተ ፉቀሃኦች በጥልቀት የተወያዩት በምርኮ ሕግ ውስጥ ነው። በዚያ ውስጥ ሦስት ቃላት አሉ። «ነፈል» ከመደበኛ ድርሻ በላይ የሚሰጥ ጭማሪ ነው። «ሰለብ» ጠላትን የገደለ ተዋጊ የሚወስደው የሟቹ መሣሪያና ልብስ ነው። «ረድኽ» ደግሞ የተወሰነ ድርሻ ለሌላቸው፣ ነገር ግን ላገለገሉ ሰዎች የሚሰጥ ከድርሻ ያነሰ ስጦታ ነው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ቁስለኞችን ያክሙ የነበሩ ሴቶች ከምርኮው ስጦታ ይሰጣቸው እንደነበር፣ ድርሻ ግን እንዳልተመደበላቸው መናገራቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። በጀርባ የሚያገለግለው ሰው እንዳይረሳ ሕጉ ከመጀመሪያው ስፍራ ሰጥቶታል።

የነፈል ምሳሌ የሆነው የሰለማ ኢብኑል አክወዕ (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። በዚ ቀረድ ቀን ዘራፊዎች የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሎች ሲነዱ፣ ሰለማ በእግራቸው እየሮጡና ቀስት እየወረወሩ ብቻቸውን ተከተሏቸው። ሲነጋ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከፈረሰኞች አቡ ቀታዳን፣ ከእግረኞች ሰለማን በስም ጠርተው አመሰገኑ፤ ለሰለማም የፈረሰኛና የእግረኛ ሁለት ድርሻ ሰጡ። ሥራው የታወቀ፣ ምስጋናው በይፋ የተነገረ፣ ልኩም የተወሰነ ነበር። በሑነይን ዘመቻ ደግሞ ሰለብ ለሚጠይቅ ሰው ማስረጃ ማቅረብ ግዴታ ሆነ፤ አቡ ቀታዳ ሰለባቸውን ያገኙት ምስክር ከተገኘላቸው በኋላ ነው።

ኢማሞቹ የተለያዩት በሦስት ነጥቦች ነው። የመጀመሪያው የሽልማቱ ምንጭ ነው። ለምሳሌ ምርኮው 100 ግመል ቢሆን 20ው ኹሙስ ወይም አንድ አምስተኛ ነው፤ 80ው የተዋጊዎቹ ነው። ኢማም ማሊክ (ሞት 179 ዓ.ሂ.) ነፈል የሚወጣው ከኹሙሱ ነው አሉ። ኢማም ሻፊዒ (ሞት 204 ዓ.ሂ.) ከኹሙሱም ውስጥ ለሕዝብ ጥቅም ከተመደበው አምስተኛ ብቻ ነው አሉ፤ በምሳሌያችን ከ4 ግመል አይበልጥም። ኢማም አሕመድ (ሞት 241 ዓ.ሂ.) ከቀሪው አራት አምስተኛ እንዲወጣ ፈቀዱ፤ ሆኖም በሐዲስ በተገኘው ልክ፣ ማለትም በመሄጃ ሩብ፣ በመመለሻ ሲሶ። በመመለሻ የበለጠው ተዋጊው ስለሚደክምና አገሩ ስለሚናፍቀው ነው ተብሏል። ሐነፊዮች ምርኮው ከመሰብሰቡ በፊት ለማበረታታት የሚደረገውን ቃል ኪዳን ሰፋ አድርገው ፈቀዱ፤ ከተሰበሰበ በኋላ ግን የሌሎች መብት ስለገባበት ከኹሙስ ውጭ አይሰጥም አሉ። የልዩነቱ ሥር አንድ ነው፤ ለአንዱ የሚሰጠው ጭማሪ ከማን ድርሻ እንደሚቀነስ መታወቅ አለበት።

ሁለተኛው ነጥብ ጊዜው ነው። ኢማም ማሊክ መሪው ከውጊያ በፊት ይህን ላደረገ ይህን እሰጣለሁ ብሎ ማወጁን ጠሉ፤ ሰዎች ለዱንያ ብለው እንዳይዋጉ፣ ኒያቸውም እንዳይበላሽ ሰጉ። ሐነፊዮች ይህንኑ እንደ ተገቢ ማበረታቻ አዩት። ለመምህራንና ለኢማሞች ይህ ክርክር እንግዳ አይደለም። ተማሪው ለሽልማት ብሎ ቁርኣን ይሐፍዝ ወይስ ሐፍዞ ይሸለም የሚለው የየመድረሳው ጥያቄ ነውና።

ሦስተኛው ነጥብ ልኩ ነው። አል-በራእ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) አንድ የፋርስ ሹም በገደሉ ጊዜ ሰለቡ 30,000 ተገመተ። ዑመር ከዚያ በፊት ከሰለብ ኹሙስ ይወሰድ እንዳልነበረ ተናግረው፣ ይህ ግን ገንዘቡ ስለበዛ ኹሙሱን ወሰዱ፤ 6,000 ሆነ። የጀግናው መብት አልተሰረዘም፤ ሽልማቱ ከልክ ሲያልፍ ግን የሕዝብ ድርሻ ገባበት።

በዲዋኑ ላይ የተነሣው ክርክር

በዑመር ዘመን ገቢው ሲበዛ ስሞችና ድርሻዎች የሚጻፉበት ዲዋን ተቋቋመ። ከእርሳቸው በፊት አቡ በክር (ረ.ዐ.) ለሁሉም እኩል ይሰጡ ነበር። በኢስላም ለቀደሙት ለምን አይጨመርም ሲባሉ፣ የቅድሚያቸው ምንዳ በአላህ ዘንድ እንደሆነና ይህ ዓለም ግን መተዳደሪያ ብቻ እንደሆነ መለሱ። ዑመር ቀደምትነትንና አገልግሎትን አስበልጠው ደረጃ አወጡ። ለበድር ሰዎች በዓመት 5,000 ዲርሃም፣ እስልምናቸው እንደ በድር ሰዎች ለሆነ ወደ ሐበሻ ለተሰደዱትና ኡሑድን ለተካፈሉት 4,000 መደቡ። ወደ አገራችን የተደረገው ስደት በዚያ መዝገብ ራሱን የቻለ የአገልግሎት ማዕረግ ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው። ለኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ.) ከገዛ ልጃቸው ከዐብደላህ (ረ.ዐ.) የሚበልጥ ድርሻ ሲመድቡም ሚዛናቸው ዝምድና እንዳልነበረ አሳዩ።

ዐልይ (ረ.ዐ.) በኋላ ወደ እኩልነት ተመለሱ። ፉቀሃኦችም በዚሁ ተከፈሉ፤ ማሊክና ሻፊዒ የአቡ በክርን መንገድ፣ አቡ ሐኒፋና የዒራቅ ፉቀሃኦች የዑመርን መንገድ እንደመረጡ አል-ማወርዲ ጽፈዋል። ሁለቱም ወገኖች የተስማሙበት ነገር ግን አለ። ልዩነት ከተደረገ ምክንያቱ በመዝገብ የተጻፈና ሁሉም የሚያውቀው ይሁን። ዑመር ማንን በምን እንዳስቀደሙ የመዲና ሰው ሁሉ ያውቅ ስለነበር ሊከራከራቸው ይችል ነበር።

የአል-ማወርዲ ድንበር

ይህን ሁሉ በአጭር ሕግ ያሰሩት ሻፊዒያዊው ቃዲ አቡል ሐሰን አል-ማወርዲ (ሞት 450 ዓ.ሂ./እ.ኤ.አ. 1058) ናቸው። «አል-አሕካሙ አስ-ሱልጧኒያ» በተባለው መጽሐፋቸው፣ መሪ ስጦታ ሊሰጥ ሲፈልግ ሁለት ሁኔታዎችን ይለያሉ። ስጦታው ለሙስሊሞች ጥቅም የሚመለስ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለመልእክተኞችና ልባቸው ለሚለማመድ ሰዎች የሚሰጥ ከሆነ፣ ከሕዝብ ገንዘብ መስጠት ይፈቀዳል። ማስረጃቸውም በ8 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 630) ከሑነይን በኋላ እንደ አል-አቅረዕ ኢብኑ ሓቢስና ዑየይና ኢብኑ ሒስን ላሉ አለቆች የተሰጠው መቶ መቶ ግመል ነው። የስጦታው ጥቅም ሰጪውን ብቻ የሚመለከት ከሆነ ግን ከራሱ ገንዘብ ይሁን አሉ።

ለዚህ ያቀረቡት ምሳሌ የዑመር ቀሚስ ነው። አንድ የገጠር ዐረብ መጥቶ ለልጆቹና ለእናታቸው ልብስ በግጥም ለመናቸው፤ የአኺራን ጥያቄም አስታወሳቸው። ዑመር ጢማቸው እስኪርስ አለቀሱ፤ አገልጋያቸውንም ቀሚሳቸውን እንዲሰጠው አዘዙ፤ ከዚያ ሌላ እንደሌላቸውም ማሉ። በይቱል ማል በእጃቸው ነበር። ሆኖም ልባቸው የተነካው የእርሳቸው ነበርና ከበይቱል ማል አልሰጡም፤ የሰጡት የለበሱትን ነው። አል-ማወርዲ ይህን ሲያብራሩ የስጦታው ጥቅም ወደ ሌሎች የማይመለስ ስለነበር ነው ይላሉ።

ሕጉ ክብደት ያለው በሑነይን ታሪክ ሲታይ ነው። በዚያን ቀን ከአንሷር አንዳንዶቹ ለአዳዲሶቹ ሰዎች ሲሰጥ ለእነርሱ ባለመሰጠቱ አዘኑ። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ለብቻቸው ሰብስበው ምክንያቱን ገለጹላቸው፤ ሰዎች በግና ግመል ይዘው ሲመለሱ እነርሱ የአላህን መልእክተኛ ይዘው እንደሚመለሱ ነገሯቸው፤ አንሷርም አለቀሱ። ከሕዝብ ገንዘብ ለአንዱ የሰጠ ሰው ላልተሰጠው ምክንያቱን ማስረዳት እንዳለበት እዚህ ላይ እናያለን።

ድንበሩ በፈረሰ ጊዜ

በዐባሳውያን ዘመን ለሹማምንትና ለወታደሮች የሹመት ካባ፣ «ኺልዐ»፣ መስጠት የቤተ መንግሥት ሥርዓት ሆነ። በመንግሥት የሽመና ቤቶች በሚሠራው «ጢራዝ» በተባለው ልብስ ጠርዝ ላይ የኸሊፋው ስም ይሸመን ነበር። ካባው ተሸላሚውን ያከብራል፤ በትከሻው ላይ የሚነበበው ስም ግን የሰጪው ነው፤ የወጪው ምንጭ ደግሞ የሕዝብ ግምጃ ቤት። አል-ማወርዲ የለዩአቸው ሁለቱ ኪሶች በዚህ ልብስ ላይ ተቀላቀሉ።

ከካባው የባሰው የበይዓ ገንዘብ ነበር። አዲስ ኸሊፋ ሲሾም ለወታደሮች የሚሰጠው ስጦታ ከጊዜ በኋላ የማይቀር መብት ተደርጎ ታየ። በአል-ሙቅተዲር ዘመን (295–320 ዓ.ሂ./እ.ኤ.አ. 908–932) በ301 ዓ.ሂ. ወዚር የሆኑት ዐልይ ኢብኑ ዒሳ ሒሳቡን ሲመረምሩ ወጪው ከገቢው በልጦ አገኙት። የቀደመው ወዚር ለወታደሮች የጨመረውን ሰረዙ። በአንጻሩ መስጊዶች እንዲታደሱ፣ ምንጣፍና መብራት እንዲገባላቸው፣ ለኢማሞች፣ ለቁርኣን ቀሪዎችና ለሙአዚኖች ደመወዝ እንዲቆረጥ አዘዙ። ጥቅሙ ለሕዝብ የሚመለሰው የትኛው እንደሆነ ለይተው ያወቁ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ጭማሪያቸው የተሰረዘባቸው ሰዎች ጠሏቸው።

ውጤቱ በሙሐረም 317 (እ.ኤ.አ. 929) ታየ። የጦር አለቆች አል-ሙቅተዲርን አውርደው ወንድሙን አል-ቃሂርን ሾሙ። በጥቂት ቀናት ውስጥ እግረኛ ወታደሮች የበይዓ ስጦታና የአንድ ዓመት ደመወዝ እየጠየቁ ቤተ መንግሥቱን ወረሩ። የበግዳድ የጸጥታ አዛዥ ናዙክ ተገደለ፤ አል-ቃሂር ወረደ፤ አል-ሙቅተዲርም ተመለሰ። የተመለሰው ኸሊፋ ወታደሮቹን ለመክፈል የግምጃ ቤቱን ዕቃና ጌጣጌጥ አወጣ፤ ንብረትም በርካሽ ተሸጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ ራሱ በጦርነት ተገደለ። ለታማኝነት ተብሎ የተጀመረው ስጦታ ታማኝነትን የሚሸጥና የሚገዛ ዕቃ አደረገው።

ዘካና ወቅፍ

በዘመናችን የሙስሊሙ የጋራ ገንዘብ በአብዛኛው በዘካ፣ በወቅፍና በመዋጮ መልክ ስለሚገኝ የእያንዳንዱን ሕግ መለየት ያስፈልጋል። በሱረቱ ተውባ 60ኛ አያ ለዘካ ሠራተኞች ድርሻ ተሰጥቷል። ሻፊዒዮች ይህ ድርሻ ከሥራው ተመጣጣኝ ዋጋ እንዳይበልጥና የተረፈው ለሌሎቹ ተቀባዮች እንዲመለስ አሉ። ሐነፊዮች ለሠራተኛው የሚበቃው ይሰጠው፣ ነገር ግን ከሰበሰበው ግማሽ አይለፍ አሉ። በሁለቱም ሐሳብ ከድኻው ድርሻ ላይ የመታሰቢያ ስጦታ ለመግዛት ቦታ የለም።

በወቅፍ የሚከበረው የወቃፊው ሸርጥ ነው። በካይሮ ከ757 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1356) ጀምሮ የተሠራው የሱልጧን ሐሰን መድረሳ የወቅፍ ሰነድ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። በመክተቡ የሚማር የቲም ቁርኣንን ሐፍዞ ሲጨርስ ለልጁም ለአስተማሪውም የገንዘብ ሽልማት እንዲሰጥ ተጽፎበታል። ይህ ሽልማት የሰለማን ምሳሌ ይከተላል፦ ሥራው የሚታይ፣ ልኩ አስቀድሞ የተጻፈ፣ ምንጩ የታወቀ። የመድረሳው ናዚር በራሱ ፈቃድ ከወቅፉ ገቢ ሌላ ስጦታ ቢሰጥ ግን ከእርሱ ይጠየቃል፤ ናዚር ባለ አማና እንጂ ባለ ንብረት አይደለምና።

በመስጊዶቻችንና በመድረሳዎቻችን ለዓመቱ ሽልማት ገንዘብ የሚመድቡ ወንድሞችና እህቶች ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ቀላል ነው። ለሽልማት የሚለግስ ሰው ካለ ገንዘቡ ከዘካውና ከመዋጮው ተለይቶ ይያዝ፤ ሒሳቡም ለብቻው ይጻፍ። ከጋራ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ለጋሾቹ ለዚህ እንደሰጡ ይረጋገጥ። ሽልማቱ የሚሰጥበት ሥራ፣ ማስረጃውና ልኩ አስቀድሞ ይወሰን፤ ላልተሸለመውም ምክንያቱ ይነገረው። የመምህሩና የሙአዚኑ ደመወዝ በወቅቱ ሳይከፈል የዋንጫና የካባ ወጪ አይቅደም። ሊቀ መንበሩ በራሱ ስም ሊያመሰግነው የሚወድ ሰው ካለ ደግሞ ዑመር መንገዱን አሳይተዋል፤ ያለውን ቀሚስ ይስጥ። ወላሁ አዕለም።